ካሌ መናኸሪያ አይደለችም

ነቀምቴ ውስጥ ልጃቸው የተሰደደ አባት «ልጅዎ የት ደረሰ?» ሲባሉ «ፈረንሳይ ነው» ብለው አያቆሙም። «ፈረንሳይ ደርሷል፤ እንግሊዝ ሊገባ ነው» ይላሉ። ጠያቂውም «አይዞዎት ኦቦ፣ እየቀረበ ነው» ብሎ ያጽናናቸዋል። ጊምቢም፣ ነጆም፣ ደምቢ ዶሎም ወሬው አንድ ነው። ፈረንሳይ በዚህ ወሬ ውስጥ አገር ሆና አታውቅም። መኪና የሚቀየርባት መናኸሪያ ናት፤ ከአዲስ አበባ ሲመጡ አረፍ እንደሚባልባት ባኮ።

ይህች ትንሽ የምትመስል የወሬ ስሕተት ሰው እየገደለች ነው።

የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ ሲባል መጀመሪያ በስልክ የምትታየው ኒስ ናት። ሰማያዊ ባሕር፣ ዘንባባ፣ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ። እዚያ «ዓለም አቀፍ ነዋሪ» ሆኖ ለመኖር ለሚፈልግ አሜሪካዊ ጡረተኛ መንገዱ ግልጽ ነው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ያመለክታል፤ ሥራ እንደማይሠራ ይፈርማል፤ የጤና ኢንሹራንስና የሚያርፍበትን ቤት ያሳያል፤ ከፈረንሳይ ዝቅተኛ ደመወዝ የማያንስ፣ በወር 1,400 ዩሮ ገደማ የሚሆን ገቢ እንዳለው ያስረዳል። ከገባ በሦስት ወር ውስጥ ቪዛውን በኢንተርኔት ያስመዘግባል። አለቀ። የኒስ ዝነኛ የባሕር ዳር መንገድ ስሙ «የእንግሊዞች መሄጃ» ነው፤ በ1820ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአገራቸው ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግሊዞች ገንዘብ አዋጥተው ያስጀመሩት ነው። የወለጋ ልጅ ደግሞ በዚያችው ከተማ በኩል ሾልኮ እንግሊዞቹ ወደሸሹት ብርድ ይሮጣል።

ሾልኮ ማለት ቀልድ አይደለም። ከጣሊያኗ ቬንቲሚሊያ እስከ ኒስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ፈረንሳይ ግን ከኖቬምበር 2015 ጀምሮ በድንበሩ ላይ ቁጥጥር መልሳለች። ድንበሩን እንዳለፉ ባለው በማንቶን ጋራቫን ጣቢያ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ሰው ያወርዳል። ጡረተኛው ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ ሱዳንና ሊቢያን አልፎ የመጣው ልጅ ይወርዳል።

በመሀል አንድ ጠባብ በር አለ፤ ደላላ ስለማያገኝበት አያወራውም። በተማሪ ቪዛ መሄድ ነው። ፈረንሳይ ከተማሪ የምትጠይቀው የገንዘብ ማስረጃ በወር 615 ዩሮ ነው፤ በዓመት 7,380 ይሆናል። ለአንድ የቡና ገበሬ ብዙ ነው፣ ልክ ነው። ነገር ግን ከነቀምቴ እስከ ካሌ ለደላላ በየጣቢያው የሚከፈለው ሲደመር፣ ሊቢያ ውስጥ የሚጠየቀው የማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጨመርበት፣ ከዚህ ያነሰ ነው ብሎ የሚምል አባት ይኖራል? ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ከ2007 ወዲህ ስንት ተመራቂ አውጥቷል፤ ፈረንሳይ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት እንዳለ የሚያውቀው ስንቱ ነው? በሩ ሁሉን አያስገባም። ቢያንስ ግን ይንኳኳ።

አሁን ወደ ሌላኛው የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ካሌ።

በ2015 እና በ2016 የኦሮሚያ ተቃውሞ ሲቀጣጠልና እስሩና ተኩሱ ሲበረታ፣ ካሌ ዳርቻ ባለው አሸዋማ ሜዳ ላይ «ጃንግል» የተባለው የላስቲክ ከተማ እያደገ ነበር። ሱዳናዊው፣ አፍጋኒስታናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው እዚያ ተገናኘ፤ ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎቹ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከእንጨትና ከላስቲክ የተሠራ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው፤ ቢቢሲ በ2015 የአምልኮ ፕሮግራሙን ከዚያ አስተላልፏል። ኦክቶበር 24 ቀን 2016 ማፍረሱ ሲጀመር ውስጡ ከ6,000 በላይ ሰው ነበር። መንግሥት በአውቶቡስ እየጫነ በመላ ፈረንሳይ ወዳሉ መጠለያዎች በተናቸው።

አንዳንዱ በዚያ አውቶቡስ ወርዶ በደረሰበት ከተማ ጥገኝነት ጠይቆ ቀረ። አንዳንዱ በሳምንቱ ተመልሶ ካሌ ገባ። የሁለቱን ዛሬ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

የዛሬዋ ካሌ ላስቲክ ቤት እንኳ አትፈቅድም። ፖሊስ በየሁለት ቀኑ እየመጣ ድንኳን ያነሳል። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ በከተማዋ መሀል ማኅበራት ምግብ እንዳያድሉ ሲከለከል ቆይቷል። እንግሊዝ በ2003 በሌ ቱኬ ስምምነት ፓስፖርት መፈተሻዋን ፈረንሳይ ምድር ላይ አምጥታ ተክላዋለች። የመኪናው መንገድ በአጥርና በካሜራ ሲዘጋ ሰዉ ከ2018 ወዲህ ወደ ላስቲክ ጀልባ ዞረ። ባሕሩ በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነቀምቴ ጊምቢ የሚርቅ አይደለም፤ ለዚህም ነው «ቀረበ» የሚባለው።

ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ሌሊት አንዲት ጀልባ መሀል ባሕር ላይ ተንፍሳ ሰጠመች። የ27 ሰዎች አስከሬን ወጣ። ከእነዚህ ሦስቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከመስጠማቸው በፊት ለፈረንሳይም ለእንግሊዝም የነፍስ አድን ስልክ ደውለዋል፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራቸው ሌሊቱ አለቀ። በ2024 ብቻ በዚያ ባሕር ከ70 በላይ ሰው ሞቷል።

እንግሊዝን መመኘት እብደት አይደለም፤ ምክንያት አለው። የወለጋ ልጅ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ተኮልኩሎ የሚያየው አርሰናልና ማንቸስተርን ነው። ለንደን ውስጥ የአክስት ልጅ አለ፤ ሊል ውስጥ ማንም የለም። ፈረንሳይኛ ደግሞ አዲስ አበባ ገብረ ማርያም ሊሴ ደጃፍ የቀረ ቋንቋ ነው፤ ወለጋ አልደረሰም። ቋንቋ ግን ይለመዳል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከኢሉባቦር ተሸጦ ምጽዋ ሲደርስ ከባርነት ያወጣው በጊዜው የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ሙንዚንገር ነው። ከዚያ ስዊድን ሄዶ በማያውቀው ቋንቋ ተማረ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1904 ወለጋ ገባ። በ1931 ያረፈው ነቀምቴ ነው። በስሙ የሚምል ከተማ «ፈረንሳይኛ ይከብዳል» ሲል ትንሽ ያስቃል።

ሁለተኛው ምክንያት አሻራ ነው። ጣሊያን ላይ አሻራ የሰጠ ሰው ዱብሊን በሚባለው ሕግ «ጉዳይህ እዚያው ይታይ» ሊባል ይችላል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሕጉ ቀነ ገደብ ነበረው፤ ፈረንሳይ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ጣሊያን ካልመለሰችው ጉዳዩን ራሷ ታያለች። ቀጠሮ ትቶ ከተሰወረ ግን ገደቡ ወደ 18 ወር ይረዝማል። ጣሊያንም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ተመላሽ መቀበሉን አቁማ ነበር። ስለዚህ ቀጠሮውን እያከበረ የጠበቀው ብዙ ጊዜ ተጠቀመ፤ ጫካ የገባው ተጎዳ። ከጁን 2026 ጀምሮ በሚተካው አዲስ የአውሮፓ ሕግ ደግሞ በተሰወረ ሰው ላይ ያለው ቅጣት ይብሳል።

ካሌ ላይ የማይነገረው ዋናው ነገር 90 ቀን የሚባለው ነው። ፈረንሳይ የገባ ሰው በ90 ቀን ውስጥ ጥገኝነት ካልጠየቀ ጉዳዩ በጥድፊያ ሥርዓት ሊታይበት፣ አበልና መጠለያም ሊከለከል ይችላል። ጀልባ ሲሞክር ሦስት ወር የፈጀ ልጅ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «እሺ፣ ፈረንሳይ ልቅር» ሲል በሩ ግማሹን ተዘግቶ ያገኘዋል። ደላላው ይህን ያውቃል።

በጊዜው የጠየቀ ምን ያገኛል? ለነጠላ ሰው በቀን 6.80 ዩሮ አበል። ኦፍፕራ የሚባለው መሥሪያ ቤት ቃሉን ሲቀበል በኦሮምኛም በአማርኛም አስተርጓሚ አለው። በስድስት ወር መልስ ካልመጣ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዓመት ከሞላም በኋላ የሚፈቀደው በተዘረዘሩ ጥቂት ሙያዎች ብቻ ነው። ውድቅ ከተደረገ በአንድ ወር ውስጥ ይግባኝ ይላል። ስደተኛነቱ ከታወቀለት የ10 ዓመት ካርድ፣ ከዚያ ዝቅ ያለው ጥበቃ ከሆነ የአራት ዓመት። እስከ 600 ሰዓት የሚደርስ የፈረንሳይኛ ትምህርት በነጻ። ሚስትና ልጆች ካሉት የማምጣት መብት፣ ደመወዝህን አሳይ ሳይባል።

ማር ብቻ ነው የሚል ካለ ይዋሻል። መጠለያ መብት ነው ተብሎ በየድልድዩ ሥር የሚያድረው ብዙ ነው። ወረቀቱን ያገኘ የ22 ዓመት ልጅ ለኑሮ የሚሰጠውን መደበኛ ድጎማ አያገኝም፤ ዕድሜው 25 መሙላት አለበት። ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ያልፋሉ። የሚከለከለውም ትንሽ አይደለም። በተለይ የሰው «ኬዝ» ገዝቶ የሚገባው ይወድቃል። የጊምቢ ልጅ ነኝ ያለውን ሰው ጠያቂው ስለ ጊምቢ ይጠይቀዋል፤ ካሌ ድንኳን ውስጥ የተሸጠለት ታሪክ ደግሞ የሌላ ሰው ከተማ ነው። የሚያሳዝነው፣ የራሱ እውነተኛ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከተገዛው ይበልጥ ከባድ ነው።

ወለጋ ታሪክ አላጣችምና። ከ2018 ወዲህ በታጣቂና በመንግሥት ኃይል መሀል ያልተቃጠለ ወረዳ መቁጠር ይቀላል። በ2020 መጀመሪያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እናት ከልጇ ሳትገናኝ ከርማለች። በጁን 2022 ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ተጨፍጭፈዋል። ለዚህ ሕዝብ «አትሂዱ» የሚል ፖስተር መለጠፍ፣ የሰጠመ ጀልባ ሥዕል ማሳየት፣ ምንም አይሠራም። ጀልባ እንደሚሰጥም ያውቃል። የማያውቀው የ90 ቀኑን ሕግ ነው፤ እሱን የሚለጥፍ ቀበሌ የለም።

ሌላው ግፊት የሚመጣው ከቤት ነው። ካሌ ያለው ልጅ ማታ ስልኩን ሲከፍት «የእነ እገሌ ልጅ ገብቷል፤ አንተስ?» የሚል መልእክት ያገኛል። ጠያቂው ክፉ አይደለም፤ ቡናው ተሽጧል፣ በሬው ተሽጧል፣ ዕዳ አለ። ልጁ «እዚሁ ልቀር ነው» ብሎ ለመጻፍ ያፍራል። መሸነፍ ይመስለዋል። ስለዚህ በማግስቱ ባሕሩ ዳር ይወርዳል።

ከኦገስት 2025 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት በጀልባ እንግሊዝ የገባ ሰው ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ሊመለስ ይችላል፤ በምትኩ አንድ ሌላ ሰው ከፈረንሳይ በሕጋዊ መንገድ ይገባል። እንግሊዝም በኖቬምበር 2025 የስደተኛን ፈቃድ በየ30 ወሩ የሚመረመር ጊዜያዊ ለማድረግ ማቀዷን ይፋ አድርጋለች። ተመላሹን የሚጭነው አውሮፕላን ፓሪስ ላይ ያርፋል። በሺዎች ዩሮ ከፍሎ የወጣባት አገር ናት፤ የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ግን አብረውት አይመለሱም። ያን ሰሞን ነቀምቴ ላይ «ልጅዎ የት ደረሰ?» የተባሉት አባት «ፈረንሳይ ነው» ብለው ዝም ይላሉ።