የደም ደዌ ስሙ ፈጥኖ ሊታወቅ ይገባል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶች ተናግረዋል። ነገር ግን ባክቴሪያ ወደ ደሙ ገብቶበት ከፃግብጂ በቃሬዛ ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ ሰው፥ እርሱ ምንም ሳይደብቅ ደዌው ራሱ ይደበቃል፤ ትኩሳቱ የወባን፥ የተስቦን፥ የግርሻን ይመስላልና ሐኪም በመዳሰስ ብቻ ሊለየው አይችልም።

የቆየው ምርመራ ደሙን በጠርሙስ አድርጎ ባክቴሪያው እስኪበቅል መጠበቅ ነው፤ ይህም ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ከበቀለ በኋላ ስሙን ለማወቅ ሌላ ቀን ይጨመር ነበር። በዘመናችን ግን የባክቴሪያውን ፕሮቲን በጨረር አንሥቶ በመመዘን ስሙን በደቂቃዎች የሚያስታውቅ መሣሪያ ተገኝቷል።

የመሣሪያው ዋጋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ በየወረዳው ይቁም አይባልም። ሆኖም የዴንማርኩ ሐኪም ግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ያወጣው የቀለም ምርመራ፥ የበቀለው ባክቴሪያ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገልጣል። የግርሻም ባክቴሪያ ያለ ጠርሙስ፥ በመስተዋት ላይ በተቀባ ደም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ስለዚህ ሹማምንት ጠርሙሱ፥ ቀለሙና የሠለጠነ መርማሪ ከሰቆጣ እንዳይታጡ ሊተጉ ይገባቸዋል። ሐኪሞችም አስቀድመው ደም ይውሰዱ፤ ከወሰዱ በኋላ ግን ውጤት እንጠብቅ ብለው መድኃኒቱን አያዘግዩ፤ ስሙ ሲታወቅ ወደ ተገቢው ይለውጡታል። ካህናትም ትኩሳት የጸናበት ሰው ጠበሉን ሳይተው፥ ከገበያ የተገዛ መድኃኒት ሳይውጥ፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ያስተምሩ። በመንገድ ያለቀው ጊዜ አይመለስም፤ በምርመራ የሚያልቀውን ማሳጠር ግን በእጃችን ነው።