ሬድዮ ለመስማት ብቻ ነው ያለው ማነው?

አጎቴ ጃናሞራ ውስጥ ታሞ የሞተ ጊዜ መርዶው ደባርቅ የደረሰን ከተቀበረ በኋላ ነው። መልእክተኛው ገደል ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ በእግሩ መጣ። ስልክ አልነበረም ወይ? ነበር። ግን በዚያ ሸለቆ ኔትወርክ የሚገኘው አልፎ አልፎ፣ ያውም ኮረብታ ጫፍ ተወጥቶ ነው። አባቴ በየምሽቱ የጀርመን ድምፅን ያዳምጣል። የአውሮፓ ወሬ በየቀኑ ቤታችን ይገባል፤ የጃናሞራ መርዶ ግን በጊዜው አልደረሰንም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ውድ አንባብያን፣ ሬድዮን የምናውቀው በመስሚያነቱ ነው። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንኳ የምንማረው አንዱ ተናግሮ ሺህ ሰው ስለሚሰማው ሬድዮ ነው። ሰው ከሰው የሚነጋገርበት ሌላም አለ፤ አማተር ሬድዮ ይባላል። ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የሚሠሩበት ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ያቋቋመው ጣቢያ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። እኔ ግን ደባርቅ ተወልጄ አድጌ፣ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ድረስ ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

ለስሜን ምን ይጠቅማል? ተራራ የስልክን ሞገድ ይጋርዳል። በአጭር ሞገድ ግን ቀን ላይ በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ዝቅ ብሎ ከተዘረጋ ሽቦ የተላከ ድምፅ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣና አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ተመልሶ ከተራራው ማዶ ይወርዳል። ለዚህ የመኪና ባትሪ ይበቃል። በ2011 ዓ.ም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጡ። እነሱ እስኪደርሱ ግን ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሰው ነው። በአንዱ ሸንተረር ያለው በሌላው ያለውን በምን ያስጠንቅቀው? በጩኸት? በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ፣ ለትርፍ ጊዜ ፍቅራቸው ብለው እዚያ የሄዱ የሕንድ አማተሮች ጣቢያቸውን ለአደጋው አውለው የቤተሰብ ወሬ ወደ ዋናው ምድር አስተላልፈዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሰሜን አሜሪካ ክለቦች በ1925 ዓ.ም በተጀመረ ልማድ በየዓመቱ በሰኔ ከቤታቸው ይወጣሉ። ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሽቦ ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፣ በጄኔሬተርና በባትሪ ይሠራሉ፤ መንገደኛውን ጠርተው፣ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገቡ ሆኖ «እስቲ ተናገር» ይሉታል። እኛስ? ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ ደባርቅም ዳባትም ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ከታቦቱ መንገድ ራቅ ብሎ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬድዮና አንድ ሽቦ ቢኖር፣ ከገጠር የመጣ እረኛ «ሃሎ» ብሎ ከአዲስ አበባ መልስ ቢሰማ፣ ያን ቀን የሚረሳ ይመስላችኋል?

«በሞባይል ዘመን!» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደነበርን ሁላችንም እናውቃለን።

ከበድ ያለው ጥያቄ የጸጥታው ነው፤ እኔም አላቃልለውም። ጦርነት ባየ አገር ሬድዮ ይዞ የተገኘ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይያዝ አንድ ሽቦ እንኳ መዘርጋት የለበትም፤ ጊዜው ካልፈቀደም ጠረጴዛው ይቆይ። ግን ልብ በሉ፦ በአማተር ሬድዮ ምሥጢራዊ ኮድ ክልክል ነው፤ የሚነገረውን መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ጥርጣሬን የሚያበዛው ነገሩ በዝግ ግቢ መቆየቱ ነው። በበዓል አደባባይ፣ ሽማግሌውም ቄሱም ፖሊሱም ያዩትን፣ ልጆቻቸው የነኩትን ዕቃ ማን ይፈራዋል? ለዚህ ነው በዓሉን የመረጥኩት።

የእኛ ትምህርት ክፍል ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ሽቦውን የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ይዘርጉት፤ ነገሩን ለእናቶቻችን በሚገባ አማርኛ ማስረዳት ግን የእኛ ሥራ ነው። ለማኅበሩ አንድ ደብዳቤ እንጻፍ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ እናዘጋጅ። ከዚህ እንጀምር።

አጎቴን ሬድዮ ያድነው ነበር አልልም። ግን ቢያንስ አባቴ ለወንድሙ ቀብር በደረሰ ነበር።