አልቅሰን ወጣን፤ ከዚያስ?

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ «የተማሪ ድራማ ያዝናና፣ ያስተምር፤ ሰው ማጨቃጨቅ ግን የለበትም» ሲባል ሰማሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም አብሬ ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ዝምታዬ ራሴን አናደደኝ፤ እዚህ ልተንፍሰው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የትምህርት ቤት ድራማ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ክፉ ሰው አለ፣ አንዲት ምስኪን ልጅ አለች። ክፉው ይጮኻል፣ ምስኪኗ ታለቅሳለች፣ ከጀርባ ዋሽንት ይለቀቃል። መጨረሻ ላይ ወይ ፖሊስ ይመጣል፣ ወይ ሽማግሌ ተነስቶ ይመክራል። ጭብጨባ! ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። ክፉው መድረክ ላይ ስለተቀጣ እኛ ነገሩ እንደማይመለከተን ሆነን እንወጣለን።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክበባችን ወደ አረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ስለምትላክ ልጅ አንድ ድራማ አቀረበ። ያሠራሁት እኔ ነኝ። ደላላውን ጥቁር መነጽር አድርገን ሰይጣን አስመሰልነው። አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ፣ እኔም ኮራሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ከፊት ተቀምጣ ስታነባ ያየኋት ልጅ ከክፍል ቀረች። ሄዳለች። የላካት ደላላ ጥቁር መነጽር አልነበረውም። የላከቻት የምትወዳት አክስቷ ነበረች። እኛ «ከክፉ ሰው ተጠንቀቂ» አልናት። በደግ ሰው እጅ፣ በቤት ዕዳ፣ በታናናሾቿ ደብተርና ጫማ በኩል ስለሚመጣው ነገር ግን ትንፍሽ አላልንም።

ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት ሲታገለው የኖረው ይህንኑ ነው። ተመልካቹ በታሪኩ ሰምጦ እንዳይቀር ሆን ብሎ ያቋርጠው ነበር። በትዕይንቱ መጀመሪያ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው «እንዴት? ለምን?» ብሎ ይከታተላል። መብራቶቹን አይደብቅም። ታሪኩ መሀል ዘፈን ያስገባል። ተዋናዩም ገጸ ባሕርይውን ሆኖ ከመጥፋት ይልቅ «እዩት፣ ይህ ሰው እንዲህ አደረገ» ብሎ እንዲያሳይ ይጠይቀዋል። የለመድነውን ነገር እንግዳ ሲያደርግብን ነው «ለካ እንዲህ ባይሆንም ይቻል ነበር!» የምንለው።

ቀላል አልነበረም። «እናት ኩራዥና ልጆቿ» የተባለው ተውኔቱ ጋሪ እየጎተተች ለወታደሮች ስትነግድ ሦስት ልጆቿን ጦርነት የበላባትን ሴት ያሳያል። በ1941 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ ሲታይ ሰው «አይ እናት!» ብሎ አዘነላት። ብሬሽት ግን ያ ብቻ እንዲሆን አልፈለገም። ሴትዮዋ ከጦርነቱ ልታተርፍ ስትል ጦርነቱን አብራ እንደምትመግበው እንዲታይለት ነበር ፍላጎቱ። በ1949 በርሊን ላይ ሲያቀርበው አንዳንድ ቦታዎችን አስተካከለ። እዚያም ሰው አለቀሰ። የእሱ መልስ ባጭሩ፣ ሴትዮዋ ባትማርም ግድ የለም፣ የሚያየው ሰው ይማር ነው።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። ወጣት ሳለ ጓደኞቹን ይዞ ገጠር ሄዶ ገበሬዎችን «ለመሬታችሁ ደማችሁን አፍስሱ!» እያለ መድረክ ላይ ይዘምር ነበር። አንድ ገበሬ እያለቀሰ መጣና «በሉ ጠብመንጃችሁን ያዙና አብረን እንሂድ» አላቸው። ጠብመንጃው ለካ የድራማ ዕቃ ነው! ቦአል አፈረ። እኔ የማልከፍለውን ዋጋ ሌላውን ክፈል ብዬ አልመክርም አለ። በኋላ የፈጠረው ፎረም ቴአትር ምክር የለውም። ችግሩ መፍትሔ ሳያገኝ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ሲጀመር ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ወጥቶ፣ የተበደለውን ሰው ተክቶ ራሱ ይሞክራል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ፣ ቆይ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጠው ተመልካቹ አይደለም እንዴ? የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» እንስሳትን እያናገረ የሹማምንቱን ብልሹነት አሳየ። ሰው በአውሬ ተመስሎ ሲቀርብ ራሱን ከሩቅ ያያል። ነገሩ ስለገባቸው ነው ያገዱት። ማጨቃጨቅ ከውጭ የመጣብን በሽታ አይደለም፤ ቴአትራችን ሲወለድ አብሮት ተወልዷል።

በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ታሪክ ደገምነው። ደላላ የለም፣ ዋሽንት የለም። ደግ አክስት፣ የደከማት እናት፣ ፓስፖርት ጠረጴዛ ላይ። እዚያ ላይ አቆምነው። «እናንተ ብትሆኑስ?» አልን። አንድ ልጅ ሮጦ ወጣና በልጅቷ ቦታ ገብቶ «አልሄድም!» አለ። እናት የሆነችው ተማሪ ረጋ ብላ «እሺ፣ የወንድምሽን ደብተር ማን ይግዛ?» ስትለው ድርቅ አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። «ለምንድነው ሁልጊዜ ሴቷ የምትላከው? ወንድሟ ከትምህርት በኋላ ለምን አይሠራም?» አዳራሹ በጩኸት ተነቃነቀ። አንድ ወላጅ ተቆጥተው ወጡ። እኔም «ሥርዓት አስጠፋህ» ተባልኩ።

ልክ ነው፣ መሪ ከሌለው ፎረም ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ማልቀስም ነውር አይደለም። ድራማው የማንንም ዕዳ እንዳልከፈለም አውቃለሁ። ግን ያቺ ጥያቄ ቤት ድረስ ሄዳለች። በማግስቱ ሦስት ተማሪዎች «ቲቸር፣ እናቴን ጠየቅኳት» ብለውኛል። ለቅሶው ግን አዳራሹ በር ላይ ነበር የቀረው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ እናንተም ክበብ የምትመሩ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ድራማችሁ ሽማግሌው የሚመክርበትን የመጨረሻውን ትዕይንት ቁረጡት። መብራቱን አብሩና «እናንተስ?» በሉ። ከዚያ ታገሱ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ዝምታው አያስፈራችሁ፣ እያሰቡ ነው።

ያልተስማማችሁ ጻፉልኝ፤ እንጨቃጨቅ። ስድብ ግን አልቀበልም።