ደርሶ መልስ ቁጥሮች

ባለፈው ቅዳሜ ጠመንጃ ያዥ ከልጅ ልጄ ጋር ታክሲ ስንጠብቅ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፤ መቆም አይወድም። ስልኬን ሲለምነኝ በምትኩ ጨዋታ ሰጠሁት፤ በሚያልፉት መኪኖች ሰሌዳ ላይ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ የማይለወጥ ቁጥር እንዲፈልግ። 27372 ዓይነት ማለቴ ነው። የሒሳብ ሰዎች ፓሊንድሮም ይሉታል፤ እኛ ሄዶ ስለሚመለስ "ደርሶ መልስ" አልነው። ላገኘው ለእያንዳንዱ አምስት ብር ቃል ገባሁ።

የጡረታ ገንዘቤን ለአደጋ ያጋለጥኩ እንዳይመስላችሁ። አምስት አኃዝ ባለው ሰሌዳ አራተኛው ሁለተኛውን መድገም አለበት፤ ይህ ከአሥር አንድ ዕድል ነው። አምስተኛውም የመጀመሪያውን መድገም አለበት፤ ይህም ከአሥር አንድ። ሁለቱ ሲገናኙ ከመቶ መኪና በአማካይ አንድ ነው። ታክሲ እስክንሳፈር አንድ ብቻ አገኘ።

ቤት ስንደርስ እስከ አንድ ሺህ ስንት ደርሶ መልስ እንዳለ ልቁጠር አለ። ባለ አንድ አኃዝ 9፣ ከ11 እስከ 99 ደግሞ 9። ከዚያ 101፣ 111፣ 121 እያለ ወረቀቱን ሞላው። ሦስት መቶዎቹ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አስቀመጠና "እማዬ፣ ሁሉም አሥር አሥር ናቸው እኮ!" አለኝ። ዘጠኝ ጊዜ አሥር 90፤ በድምሩ 108። እኔ ብነግረው ኖሮ እንዲህ አይፈነጥዝም ነበር።

ቀጥሎ ወደ ዓመት ዞረ። 1991 እና 2002ን ነገርኩት። በሁለት አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች አራት ደርሶ መልስ ዓመት አይተናል። የእኛ 1991 የካቲት ላይ በባድመ ግንባር ከባድ ውጊያ የተደረገበት ነው፤ የፈረንጆቹ 1991 ደግሞ ደርግ የወደቀበት፣ የእኛ 1983። ልጁ ግን ያለፈውን አልፈለገም። "የሚቀጥለውስ?"

2112።

በጣቱ ቆጠረ። እሱ ከመቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል። ዝም ብሎ ቆየና "አንቺስ እማዬ?" አለኝ። በነርስነት ዘመኔ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ስንቱ በሽተኛ ጠይቆኛል፤ የምለው አጥቼ አላውቅም ነበር። ለዚህ ልጅ ግን ጠፋኝ።

ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ነው። ልጄ ፲ን እንኳ አይለይም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ያላስተማርነው እኛ ነን። ቁጭ ብለን ከ፩ እስከ ፻ ጻፍን። ግእዝ ዜሮ የለውም፤ አሥሩም ሃያውም መቶውም የየራሱ ምልክት አለው። ስለዚህ 1991 በግእዝ ፲፱፻፺፩ ነው፤ ቢገለብጡት አይገጥምም። 202 ግን ፪፻፪ ነው፣ በግእዝም ደርሶ መልስ።

ያኔ እኔም ያላሰብኩት ታየኝ። 2020 በተራው አጻጻፍ ሲገለበጥ 0202 ነው፣ አይሆንም። በግእዝ ግን ሃያ መቶ ሃያ ነው፤ ፳፻፳። ከዚህ በፊት እንዲህ የገጠመው ፲፻፲፣ ማለት 1010 ዓ.ም. ነበር፤ ቀጣዩ 3030 ነው። በመካከሉ ሌላ የለም። አሥሮቹ ሁልጊዜ ከነጠላዎቹ ስለሚቀድሙ ከ፻ በፊት ሁለት ምልክት ያለው ዓመት ሲገለበጥ ነጠላው ይቀድምና ቁጥር መሆኑ ይቀራል።

"2020ን አንቺም ታያታለሽ?"

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ አብረን ነው የምናያት፣ የኔ ጌታ።"

፳፻፳ ብሎ በትልቁ ጻፈና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው። ለእሷም አምስት ብር አስከፈለኝ።