ሁለተኛው ወንበር



እኛ መምህራን ተማሪዎቻችንን «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን አብራሪ፣ ሥራ አስኪያጅ የሚሉ መልሶች እንሰማለን። «ምክትል መሆን እፈልጋለሁ» ያለን ተማሪ ግን እስካሁን አልገጠመንም። ወላጆችም ቢሆኑ የልጃቸውን ሰርተፊኬት ሲቀበሉ ዓይናቸው ቀድሞ የሚያርፈው «ደረጃ» በሚለው መስመር ላይ ነው። «ሁለተኛ» የሚል ካነበቡም «አንደኛው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚህ አኳኋን ያደገ ልጅ ሁለተኛነት የጎደለ አንደኝነት ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም።

በዚህ ወር ዓምዳችን ከዚህ ልማድ ጋር ጥቂት ልንከራከር ወደድን። ለክርክራችን ምስክር የምንጠራው ከሩቅ አገር፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። ስፖርት የማይወድ አንባቢ ገጹን እንዳይገለብጥብን አደራ እንላለን። ጉዳያችን ኳሱ አይደለም፤ በሜዳው ዳር ከዋናው አሠልጣኝ ጎን ስለምትቀመጠው ረዳት አሠልጣኝ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ረዳት አሠልጣኝ ምን ትሠራለች?

ለመሆኑ የረዳት አሠልጣኝ ሥራ ምንድነው? ተመልካቹ የሚያያት በጨዋታው 40 ደቂቃ ውስጥ ወረቀት ይዛ ተቀምጣ ነው። አልፎ አልፎ ወደ ዋናው አሠልጣኝ ጆሮ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ትናገራለች። ሥራዋ ግን ከዚያ ብዙ ቀናት፣ እንዲያውም ብዙ ዓመታት ቀድሞ የተጀመረ ነው።

አንደኛው ሥራዋ ተጫዋች ፍለጋ ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተጓዘች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ጨዋታ ትመለከታለች። ተስፋ ያላትን ልጅ ካገኘች ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄዳ ከወላጆቿ ጋር ትነጋገራለች። ወላጆች በየትም አገር ወላጆች ናቸውና «ልጃችን ትምህርቷን ትጨርሳለች ወይ? ብትታመም ማን ይጠይቃታል?» ይላሉ። ረዳቷ ለዚህ መልስ ስትሰጥ አማና እየተቀበለች መሆኗን ማወቅ አለባት።

ሁለተኛው ሥራዋ ተጋጣሚን ማጥናት ነው። የተቀረጹ ጨዋታዎችን ደጋግማ እያየች የትኛዋ ተጫዋች በቀኝ በኩል ማለፍ እንደምትወድ፣ የትኛዋስ ሲደክማት ኳስ እንደምታበላሽ ትመዘግባለች። ሦስተኛው በልምምድ ሰዓት የተወሰኑ ተጫዋቾችን ለብቻ ይዞ ማሠልጠን ነው። አራተኛውን ማንም አይቆጥረውም፤ ቤቷ የናፈቃትን ልጅ ማጽናናት፣ ክፍል የቀረችውን መገሠጽ፣ በጉዳት የተቀመጠችውን ተስፋ እንዳትቆርጥ መደገፍ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ የሚመዘገበው በዋናው አሠልጣኝ ስም ነው። ዋናው አሠልጣኝ ሲሰናበት ግን ብዙውን ጊዜ ረዳቶቹም አብረው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። እንግዲህ ከውጤቱ ምስጋና ድርሻዋ ትንሽ፣ ከአደጋው ግን ሙሉ ነው ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሥራ ዕድሜ ልኩን የሚሠራ ሰው ይኖራል? አዎን፣ አለ።

በ1985 የጀመረ ጉዞ

ክሪስ ዴይሊ በኒው ጀርሲ ግዛት የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበረች። በ1982 የአገር አቀፉን ዋንጫ ካነሳው ቡድን አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በራሷ በሩትገርስ ረዳት አሠልጣኝ ሆና ሠራች። በ1985 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ጂኖ ኦሪየማ የተባለ፣ ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የ31 ዓመት ሰው የሴቶቹ ቡድን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። እርሱም ዴይሊን ረዳቴ ሁኚ ብሎ ጠራት።

የተረከቡት ቡድን ስም አልነበረውም። ልምምዱ የሚካሄደው ጣራው በሚያፈስ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 12 ጨዋታ አሸንፈው በ15 ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ግን ሽንፈቱ ከድሉ የበዛበት አንድም የውድድር ዘመን አላሳለፉም። በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በ1995 ደግሞ 35 ጨዋታ ተጫውተው ሁሉንም አሸነፉ፤ በፍጻሜውም ቴኔሲን 70 ለ64 ረትተው የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰዱ። ኋላም 111 ጨዋታ ያለ አንድ ሽንፈት የተጓዙበት ጊዜ ነበር፤ ይህ ጉዞ የተቋረጠው በ2017 ነው። በ2025 ያነሱት ዋንጫ 12ኛቸው ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዴይሊ ከዚያው ወንበር አልተነሣችም። ከእርሷ ያነሰ ልምድ ያላቸው ብዙዎች በየዩኒቨርሲቲው ዋና አሠልጣኝ ሲሆኑ እያየች ቆየች። ብቃት ስላነሳት ነው እንዳይባል በመጋቢት 2021 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። የአገር አቀፉ ውድድር ሊጀመር ሲል ዋናው አሠልጣኝ በኮሮና ቫይረስ ተይዞ ቤቱ ቀረ። ቡድኑን ይዛ የሄደችው ዴይሊ ናት። የመጀመሪያውን ጨዋታ 102 ለ59፣ ሁለተኛውን 83 ለ47 አሸነፈች። እርሱ ሲመለስም ወንበሩን አስረክባ በቀድሞ ቦታዋ ተቀመጠች።

በኅዳር 2024 ኦሪየማ 1,217ኛ ድሉን አግኝቶ በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በወንድም ሆነ በሴት ቡድን ታሪክ ከማንም አሠልጣኝ የበለጠ ያሸነፈ ሰው ሆነ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የእርሱ ስም ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን የዚያን ምሽት በዓል ለሁለቱም አደረገው፤ 40ኛውን የውድድር ዘመን አብረው የጀመሩ ነበሩና። ከዚያ ቀደም ሲል በ2018 ዴይሊ በሴቶች ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ስሟ እንዲሰፍር ተደርጓል። በዚያው ዓመት ከእርሷ ጋር ከተመረጡት መካከል ሚኪ ዴሞስ የተባለች ሴት አለች። እርሷም ስሟን ያገኘችው በአብዛኛው በረዳትነት ነው።

ከአንድ ወንበር ሁለት መንገድ

ዴሞስን ለማወቅ ወደ ቴኔሲ መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ ፓት ሰሚት በ1974 ገና በ22 ዓመቷ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነች። ያን ጊዜ የሴቶች ስፖርት ገንዘብ ስላልነበረው የተጫዋቾቹን ማሊያ የምታጥበውና መኪናውን የምትነዳው ራሷ ነበረች። በ2012 ስታቆም 1,098 ድልና 8 ዋንጫ ነበራት። ከጎኗም ዴይሊ ኮነቲከት በገባችበት በዚያው በ1985 የተቀጠሩ ሁለት ረዳቶች ነበሩ፤ ሚኪ ዴሞስና ሆሊ ዋርሊክ።

ዴሞስ 18 ዓመት ከሠራች በኋላ በ2003 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሆና ሄደች። ደካማ የነበረውንም ቡድን አነሣችው። በጃንዋሪ 2006 የቀድሞ አለቃዋ ቡድን ቴኔሲ በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ላይ ሳለ አሸነፈችው። ከአራት የውድድር ዘመን በኋላ ግን በ2007 በፈቃዷ ለቀቀች። ቀጥሎ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2010 ደግሞ ተመልሳ በቴኔሲ ረዳት አሠልጣኝ ሆነች። አንደኛውን ወንበር አይታው፣ ሠርታበት፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ተመለሰች። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን እርምጃ «ወረደ» እንለዋለን። የክብር አዳራሹ ግን እንዲህ አልቆጠረባትም።

ዋርሊክ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ የተጫወተች ልጅ ናት። ሰሚት ባነሣቻቸው 8 ዋንጫዎች ሁሉ ከጎኗ ነበረች። በነሐሴ 2011 ሰሚት በ59 ዓመቷ የመርሳት በሽታ እንደያዛት ለሕዝብ አስታወቀች። ያን ዓመት ሰሚት በስም ዋና አሠልጣኝ ብትሆንም የሜዳውን ሥራ አብዛኛውን የተሸከመችው ዋርሊክ ናት። በአለቃዋ ፊት አለቃ ሳትመስል፣ ቡድኑንም ሳትበትን ማለፍ ነበረባት። ይህን ከባድ አማና ሊወጣ የሚችለው ሥራውን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሷ ደግሞ በዚያ ወንበር 26 ዓመት ተቀምጣበታለች።

በ2012 ዋናውን ወንበር ተረከበች። በሰባት የውድድር ዘመን 172 ጊዜ አሸንፋ 67 ጊዜ ተሸነፈች፤ በየዓመቱም ቡድኑን ለአገር አቀፉ ውድድር አብቅታለች። ለሌላ ዩኒቨርሲቲ ይህ ትልቅ ውጤት በሆነ ነበር። ዋንጫ የለመደው ቴኔሲ ግን አልበቃው ብሎ በመጋቢት 2019 አሰናበታት። አንደኛው ወንበር ሰፊ መስሎ ቢታይም የተቀመጠበትን ሁሉ በምቾት አያስቀምጥም።

ከዚህ ምን እንያዝ?

ውድ አንባብያን፣ ከእነዚህ ሦስት ሴቶች የትኛዋ ትክክል ነበረች ብለን አንፈርድም። አንዷ ቆየች፣ አንዷ ሄዳ ተመለሰች፣ አንዷ አደራው ሲመጣባት ተቀበለች። ሦስቱም ሲሠሩ የኖሩት ያው አንድ ሥራ ነው፤ ሰው ማሳደግ።

በሌላ በኩል ሁለተኛነት ሁሉ ክብር ነው ብንል እውነቱን መሸፈን ይሆንብናል። በአሜሪካ በትምህርት ቤቶች የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1972 ከመውጣቱ በፊት የኮሌጅ ሴት ቡድኖችን ከሚያሠለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። ገንዘብና ስም ከመጣ በኋላ ግን ድርሻቸው ከግማሽ በታች ወረደ። ስለዚህ ከሁለተኛው ወንበር ያልተነሣች ሴት ሁሉ መርጣ ተቀምጣለች ማለት አይቻልም፤ በሩ የተዘጋባትም አለች። መርጦ መቀመጥና ተገዶ መቀመጥ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን የምንመክረው እንዲህ ነው። የሥራ ቦታ ስትመርጡ «ስሜ የት ይጻፋል?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከዚህ ሥራ ውስጥ ማንም ባያየኝ እንኳ ደስ ብሎኝ የምሠራው የትኛውን ክፍል ነው? ከጎኑ የምቆመው ሰው ሐቄን የሚያውቅ፣ በሰው ፊትም የሚመሰክርልኝ ነው ወይ? ነገ ኃላፊነቱ ድንገት በእኔ ላይ ቢወድቅ ልሸከመው እየተዘጋጀሁ ነው? ለሦስቱም መልሳችሁ ደህና ከሆነ ወንበሩ ስንተኛ መሆኑ አያስጨንቃችሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ ግን ጊዜ ሳታባክኑ ሌላ በር አንኳኩ።

በኃላፊነት ወንበር ላይ ላላችሁም አንድ ቃል አለን። አንድ ሰው 40 ዓመት በረዳትነት የሚቆየው ደመወዝ ብቻ ስለሚከፈለው አይደለም፤ ቃሉ ስለሚሰማና ድርሻው ስለሚታወቅለት ነው። የረዳታችሁን ሥራ በስማችሁ ስታቀርቡ ዝም ያለው ስላላወቀ አይምሰላችሁ።

ለወላጆች የምንለው ደግሞ ከቤት ይጀምራል። እናት ገበያ ስትውል ታናናሾቿን አብልታ፣ አጥባ፣ የቤት ሥራቸውን አሠርታ የምትጠብቅ ታላቅ እህት በብዙዎቻችን ቤት አለች። ታናሹ አንደኛ ወጥቶ ሲመጣ ሽልማቱ ለእርሱ ይገዛል፤ እርሷን ግን የሚያስታውሳት የለም። የዚህን ዓመት ውጤት ስትቀበሉ ለልጁ ከምትሰጡት ላይ ለእርሷም ድርሻዋን ስጧት። ለምን እንደሰጣችኋትም ልጁ በተቀመጠበት ንገሯት።