የአምደወርቅ አይጦች በስማቸው ይመዝገቡ

በአምደወርቅና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ደጋዎች ሰብል የሚያጠፋው እንስሳ በጅምላ «የማሳ አይጥ» ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም። ማስቶሚስ አዋሼንሲስ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ በጎረቤት ትግራይ ደጋዎችም ዋነኛ የሰብል ጠላት መሆኑ ታውቋል። ከዘመዱ ከማስቶሚስ ናታሌንሲስ ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል የአካል ልኬት ብቻውን አይለየውም። ዝርያውንና የመራቢያ ወቅቱን ያልለየ ቁጥጥር ደግሞ የገበሬውን ድካም ከንቱ ያስቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት የራስ ቅል፣ የቆዳና የዘረመል ናሙና በአገር ውስጥ ሙዚየም ማኖር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1927 በግልገል ዓባይ ምንጭ አቅራቢያ የተያዘችው የውኃ አይጥ፣ ኒሎፔጋሚስ፣ የምትታወቀው በአንዲት ናሙና ብቻ ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ ዘረመሏ ሊመረመር የቻለው ናሙናዋ በቺካጎ ሙዚየም ስለተጠበቀ ነው። ናሙና ያልተቀመጠለት ስም ግን ሊመረመር አይችልም።