በመንገድ ላይ ያለውም ይቆጠር



ባለፈው ዐቢይ ጾም በገዳማችን ዕቃ ቤት ሽሮና ምስር ጎደለ። ከአገር ቤት እንዲላክልን አዘዝን፤ መንገዱ ሳምንታት ስለሚፈጅ ቶሎ አልደረሰም። እንግዳው ሲበዛ ተጨንቀን ዳግመኛ፣ ሦስተኛም አዘዝን። ሁሉም በአንድነት የደረሰው ከፋሲካ በኋላ፣ ተሳላሚው ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲያ ነበር። የተረፈውን ነቀዝ በላው። ያ ገንዘብ መበለቶች ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው የሰጡት ነበር። እኛም አባ መጋቢን ወቀስናቸው።

ነገሩን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የአንድ ሰው ሆኖ አላገኘነውም። ጄይ ፎሬስተር የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ፣ የጀነራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች አንድ ጊዜ ሌት ተቀን የሚሠሩበትን፣ ሌላ ጊዜ ሠራተኛ የሚያሰናብቱበትን ምክንያት መርምረው ነበር። ገበያው ባይለዋወጥም እንኳ መዋዠቁ ከፋብሪካዎቹ ከራሳቸው አሠራር ሊመነጭ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ጎደለ የሚለው ወሬ ትእዛዝን ይወልዳል፤ የትእዛዙ ፍሬ ግን ዘግይቶ ይመለሳል። በዚያ መካከል የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ያዝዛል።

ጆን ስተርማን የተባሉ ሌላ ሊቅም በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በጨዋታ ፈትነዋል። ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ በየተራ ያዝዛሉ። የገዢው ፍላጎት በሳምንት ከ4 ሣጥን ወደ 8 አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ በዚያው ይጸናል፤ ትእዛዙ ግን ወደ ፋብሪካው በተጠጋ ቁጥር እያበጠ ይሄዳል። ተጫዋቾቹ አዝዘውት ገና ያልደረሰውን ዕቃ በአግባቡ አይቆጥሩምና። የእኛም ስሕተት ይኸው ነበር።

ስለዚህ አባ መጋቢን ይቅርታ ጠይቀን፣ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ መዝገብ አኑረናል። በእጅ ያለው፣ ወጪ የሆነው፣ ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው በየሳምንቱ ይጻፍበታል። ሦስቱ ሳይታዩ አዲስ ትእዛዝ አይወጣም።

እናንተም ተሳላሚዎች የምትመጡበትን ቀንና ቁጥራችሁን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ሐሳባችሁ ሲለወጥም አትሸሽጉን። ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን እህል ያከማቸው የሚመጣው ረሃብ ከፈርዖን ሕልም ፍቺ ስለተገለጠለት ነው። ለእኛ ለደካሞቹ ግን የሚነግረን የእናንተ ቃልና የመዝገቡ መስመር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።